የሴስቲሊየስ ነጠላ ጫማ

ሮም በተቆረቆረች በስምንት መቶ ሃያ ሁለት ዓመት፣ በታኅሣሥ፣ የሳተርን በዓል በገባ በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት ነገሥታት ለአንድ ዙፋን ሲተናነቁ ከተማይቱ ተጨነቀች፤ የአንደኛው ወገኖች በካፒቶል ኮረብታ መሸጉ፤ የሌላው ወታደሮች ከበቧቸው። የመኳንንቱ ግብር ግን አልታጎለም፤ ሆድ ጦርነት ያውቃል እንዴ!

ቲቱስ ሴስቲሊየስ የተባለው ሹም በሚስቱ ወንድም በአቩሊየስ ቤት ማዕድ ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ጫማውንም እንደ ወጉ አውልቆ ለባሪያው ለስታኪስ ሰጥቷል። ስታኪስ ያን እግር ሃያ ዓመት አጫምቷል። ጌታው በሞተ ቀን ነፃ እንዲወጣ በኑዛዜው ተጽፎለታል፤ ይህንንም ያውቃል።

አቩሊየስ ወይኑ ሞቅ ሲያደርገው፣ «ወዳጆችህ ኮረብታው ላይ ተከበው አንተ እዚህ አሣማ ትግጣለህ፤ አይ ጀግና!» አለው።

የሴስቲሊየስ ደም ፈላ። «ስታኪስ! ጫማዬን አምጣ፤ እነሱ ዘንድ እሄዳለሁ!»

«ኧረ ቀልዴን ነው!» አለ አቩሊየስ ደንግጦ።

«ጌታዬ፣ አሁን ከደጅ መግባቴ ነው፤ ኮረብታው ዙሪያውን ታጥሯል። የሚሄድ አይመለስም» አለ ስታኪስ።

«ማን ጠየቀህ?»

«በሳተርን በዓል ባሪያም እንደ ልቡ ይናገራል ተብሎ ነው።»

«ተናገርክ፤ በቃ። ጫማዬን!»

ስታኪስ ወጣ። ጫማውን ቢያቀብል ጌታው ሄዶ ይሞታል፤ እሱም ሳይመሽ ነፃ ሰው ነው፤ ማንም አይወቅሰውም። ከጓሮው ጉድጓድ አፍ ጥቂት ቆመና ሁለቱንም ጫማዎች ወደ ውስጥ ወረወራቸው።

ሴስቲሊየስ ጉዱን ሲሰማ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ ነገር ግን ሹም በባዶ እግሩ አደባባይ አይወጣም፤ የአቩሊየስም ጫማ አልገባው አለ። ወዲያው ኮረብታው ጨሰ፤ በላዩ ያለው ቤተ መቅደስ ነደደ፤ ወዳጆቹም በሰይፍ አለቁ።

«ለምን አደረግኸው?» አለ ሴስቲሊየስ፣ ጢሱን እያየ።

«እኔ እንጃ ጌታዬ፤ እግርዎን ለምጄው ነው መሰለኝ።»

ክብር ክፉ ነገር ነው! በሰው ፊት አዋረደኝ ብሎ፣ በዓሉ ባለፈ ማግሥት የስታኪስን ስም ከኑዛዜው ፋቀው።

ጸሐፍት የካፒቶልን መቃጠል ጻፉ። ሴስቲሊየስም ሲሸመግል ሞተና በመቃብሩ ላይ «በዚያ ክፉ ቀን በአስተዋይነቱ ዳነ» ተብሎ ተቀረጸለት። ስታኪስ ስድስት ዓመት ቀድሞት፣ ባሪያ እንደ ሆነ ሞቶ ነበር፤ የተቀበረበትን የሚያውቅ የለም።