አንዱ አንባቢ

ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ አንባቢ ይመኛል፤ መመኘቱም ነውር የለበትም። ማን እንደሚገባ ሳይጠይቁ በርን ወለል አድርጎ መክፈት ግን ነውርም አደጋም ነው። አንዲት ፀጉር ሠሪ ይህን የተማረችው በፍርሃት ነው።

ታታሪ ሴት ነበረች። ሁለት መስተዋት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክና አንድ የማጠቢያ ገንዳ ባላት ጠባብ ቤቷ ስትሠራ ትውላለች፤ ደንበኛ ጋብ ሲልላት በስልኳ ጦማር ትጽፋለች። የምትጽፈው ስለሚነቃቀል ፀጉር፣ ስለ ቅባትና ስለ ማበጠሪያ ነበር፤ የሚያነብላት ግን አልነበረም። ኮምፒዩተር የሚጠግነው ታናሽ ወንድሟ አንድ ቀን ጽሑፎቿን አየና ሳቀባት።

«እታለም፣ ይህን ሁሉማ ሰው ሠራሽ አስተውሎቱን ብትጠይቂው ቅባቱን ሳትከፍቺ ጽፎ ይጨርስልሻል። ከእንግዲህ የሚነበበው እሱ ያላየው ነገር ነው። አንቺ እዚህ ወንበር ላይ ስንቱን ጉድ ትሰሚያለሽ፤ እሱን ጻፊ። አስተያየት የሰጠሽን ሰው ደግሞ ሳትመልሺለት እንዳታልፊ። አንባቢ እንደ ድመት ነው፤ ካልዳበሱት ጎረቤት ይገባል።»

ከምክሩ ግማሹ እውነት ነበር። አሳሳች ምክር ሁሉ እንዲሁ ነው።

በዚያው ሰሞን አንዲት ልብስ ሰፊ መጥታ፣ እስከ ወገቧ የሚወርደውን ፀጉሯን ከአንገቷ በላይ አስቆርጣ ቀይ ቡናማ ቀለም አስቀብታ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ስታጥባት ጣቷ ከጆሮዋ ኋላ ባለ ጠባሳ ላይ አረፈ። ራስን በርኅራኄ ሲዳብሱት አንደበት ይፈታልና ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፍና ጉዷን በሹክሹክታ አወራቻት፤ በጋለ ካውያ ያቃጠላትን ባሏን ሸሽታ ከሌላ ከተማ እንደ መጣች፣ እዚያው መንገድ ላይ ካለው ስፌት ቤት እንደ ተቀጠረች፣ ትንሽ ልጇን ይዛ ከጓሮው አንዲት ክፍል እንደ ተከራየች ነገረቻት።

ፀጉር ሠሪዋ ይህን ጻፈችው። ስም አልጠራችም። ነገር ግን በሙያዋ ኩሩ ነበረችና አቆራረጡንና የቀለሙን ዓይነት፣ ከጆሮ ኋላ ያለውን ጠባሳ፣ ሴቲቱ በመርፌ ልጅ የምታሳድግ መሆኗንም አሳምራ ገለጠችው። ጽሑፉ ከስልክ ወደ ስልክ ተላለፈ፤ አንባቢ እንደ ክረምት ጎርፍ መጣ።

ከአስተያየት ሰጪዎቹ አንዱ እጅግ ጨዋ ነበር። ብዕሯን አመስግኖ፣ ሚስቱን እንዲህ ባለች ባለሙያ ማሠራት እንደሚሻ ገልጦ፣ ቤቷ የት እንደ ሆነ ጠየቃት። እሷም ደስ እያላት ከተማውንና መንገዱን፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት መሆኑንም ጻፈችለት። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ አንዲት ደንበኛ ካስክ ሥር አስቀምጣ ስልኳን ስትከፍት መልሱ ደርሶ ነበር።

«አመሰግናለሁ። ጠባሳው ከግራ ጆሮዋ ኋላ ነው።»

ወደ ገዛ ጽሑፏ ተመልሳ ፈለገች። ግራ የሚል ቃል የለበትም። ያን ጊዜ የጻፈላት የልብስ ሰፊዋ ባል መሆኑ ገባት።

ለወንድሟ ደወለች። ስም እስካልጠራች ድረስ የሚያስፈራ ነገር እንደሌለ፣ ከፈለገችም ጽሑፉን ማጥፋት እንደምትችል ነገራት። አጠፋችው። ሆኖም ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ደንበኛዋን ካስክ ሥር ትታ ወደ ስፌት ቤቱ ሮጠች። መልኩን አታውቀውምና በመንገዷ ያለፈው ወንድ ሁሉ እሱን መሰላት።

ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ስትሰማ አልጮኸችም፤ የያዘችውን መቀስ ብቻ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ስምሽን እኮ አልጻፍኩም» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የወንድሟን ቃል እንደ ጋሻ ይዛ።

«ስሜንማ እሱ ያውቀዋል፣ እትዬ። ያላወቀው መልኬንና ያለሁበትን ነበር።»

ከዚህ በላይ አልወቀሰቻትም። ያን ያማረ ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላ፣ ልጇን ታቅፋ፣ አሠሪዋ አጅቧት ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ከዚያ ወዲያ የት እንደ ተሻገረች ለፀጉር ሠሪዋ የነገራት የለም፤ ሊነግራትም የሚገባ አልነበረም።

ፀጉር ሠሪዋ ተመልሳ ደንበኛዋን በሸኘች ብዙም ሳይቆይ ሰውዬው መጣ። ልብሱ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ፣ ድምፁ ለስላሳ ነበር። አንባቢዋ መሆኑን ነግሯት ባዶዎቹን ወንበሮች አንድ በአንድ አያቸውና ስለ ባለ ጠባሳዋ ሴት ጠየቃት። ከራሷ የፈጠረችው ታሪክ እንደ ሆነ ነገረችው። ፈገግ አለ።

«ጽሑፉን ማጥፋትዎ ያሳዝናል። መጻፍዎን ግን አይተዉ፤ እኔ እንደ ሆነ እከታተላለሁ።»

በሩን በዝግታ ዘግቶ ወጣ። የጠራችው ፖሊስ ሲደርስ ሰውዬው አልነበረም።

እናንተ ጦማር የምትጽፉ ሆይ፣ የገዛ ዓይናችሁ ያየውን መጻፍ መልካም ነው፤ መጪው ዘመንም ይህንኑ ይሻ ይሆናል። አምኖ የነገራችሁ ሰው ምስጢር ግን የእናንተ ሀብት አይደለም። ሺህ አንባቢ የሚጠራ ጽሑፍ ሊመጣ የማይገባውን አንዱንም ይጠራል።

ፀጉር ሠሪዋ ዛሬም ትጽፋለች፤ አንባቢዎቿ ጥቂት ናቸው። ማንኛውንም ጽሑፍ ከመልቀቋ በፊት ያንን ሰው በሐሳቧ ከፊቷ ወንበር ላይ አስቀምጣ ቃል በቃል ታነብለታለች። ፈገግ ያለ በመሰላት ስፍራ ሁሉ ትሰርዛለች።