ፍልፈሏ የሞተችበት ዓርብ

ፍልፈሌን ገደላት። ዓርብ ጠዋት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሳይነግረኝና ሳያማክረኝ ገደላት።

የጥርስ ሐኪም ቤት ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። በመስኮቱ በኩል ጉንጫቸው ያበጠ አዛውንት ካርዳቸውን እስካወጣላቸው ይጠብቃሉ። እኔ ደግሞ ስልኬን መደርደሪያው ሥር ደብቄ የዕለቱን ገጽ ከፈትኩ። ፍልፈሏ ጉድጓድ ውስጥ ወድቃለች። ሦስተኛዋና የመጨረሻዋ ነፍሷ ሄዳለች። ከላይ በትልልቁ «ጨዋታው አብቅቷል» ይላል። ከዚያ በቀር አንዲት ቃል የለም።

በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እኔ ያልጻፍኩበት ገጽ ወጥቶ አያውቅም። ደሜ ፈላ። ለአዛውንቱ የሌላ ሰው ካርድ አንስቼ ሰጠኋቸው፤ ሐኪሙ ዘንድ ገብተው ተቀምጠው ነው ስህተቱ የታወቀው። ደህናው ጥርሳቸው ባለመነቀሉ ተመስገን ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። «የመጀመሪያው ደረጃ» የሚባል በኢንተርኔት የሚወጣ የሥዕል ቀልድ አለን፤ ማክሰኞና ዓርብ አንድ አንድ ገጽ። በቪዲዮ ጌም ላይ ነው የምንቀልደው። ጀግናው ኤሊ ነው። ክፉውን አለቃ ገድሎ ዓለምን ሊያድን ጋሻውን አንግቦ ከተነሣ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ እስካሁን ከመጀመሪያው ደረጃ አላለፈም፣ ሰዓቱ ያልቅበታል። ክፉው አለቃ ጉማሬ ነው። መጨረሻው ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የክፋት ሳቁን ሲለማመድ ድምፁ ተዘግቷል። ጉሬዛው ባለሱቅ ነው፤ አሁን የሸጥክለትን ሰይፍ ዞር ብሎ በዐሥር እጥፍ መልሶ ይሸጥልሃል። የመንደሩ ላም የምታውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቷ እየተቃጠለም «ዛሬ ነፋሱ ደስ ይላል» ትላለች። ፍልፈሏ ደግሞ ያገኘችውን ሣጥን ሁሉ የምትከፍት፣ ምላሷ የማያርፍ፣ ነገረኛ ናት። እሷ የኔ ናት። ማለቴ የሚሥላት እሱ ነው፤ አፏ ግን የኔ ነው።

ያገናኘንም ንዴት ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ሥዕሉንም ቃሉንም ለብቻው ነበር የሚሠራው። ሥዕሉ ነፍስ አለው። ቃሉ ግን የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ ኤሊው በጅብ ተከቦ «ሁኔታው አሳሳቢ ነው» ይላል። አንድ ቀን አላስችል ብሎኝ ከሥሩ «እጅህ ይባረክ፣ አፍህን ግን ዝጋው» ብዬ ጻፍኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ይሰድበኝ ነበር። እሱ በማግስቱ ንግግር የሚጻፍባቸው ክቦች ባዶ የሆኑበት ገጽ ላከልኝ። «አንቺ ሙዪው» ይላል። ሞላሁት።

ከዚያ ወዲህ ሥራችን ይኸው ነው። እሱ ሥሎ ይልካል፣ ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ አይነግረኝም። እኔ ሞልቼ እመልሳለሁ፣ ለምን እንዲህ አልሽ አይለኝም። እሱ ቃሌን፣ እኔ መስመሩን አንነካም። የተመለሰው እንዳለ ይወጣል። ይህችን ሕግ አንድም ቀን አጥፈናት አናውቅም ነበር።

ሰውዬው መተዳደሪያው የሱቅና የመሥሪያ ቤት ሰሌዳ መጻፍ ነው። የሚሠራውም ከታላቅ እህቱ ልብስ ስፌት ቤት ጀርባ ባለች ጓሮ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሄዳለሁ። እሱ ይቀባል፤ እኔ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጬ አንባቢ የጻፈልንን አነብለታለሁ። ዝምተኛ ሰው አይቻለሁ፣ እንደሱ ያለ ግን አላየሁም። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቴ «እህ» ይላል፣ በቃ። ሳቅ ሲያሸንፈው ግን ብሩሹን ከሰሌዳው ያነሣና ቀና ብሎ ያየኛል። ለዚያች አንድ ጊዜ ቀና ማለት ብዬ ነው ሳምንቱን ሙሉ ቀልድ ሳወጣና ሳወርድ የምከርመው።

ወደድኩት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ እንጃ። መነጽር ያደረግኩ ሳምንት ፍልፈሏም መነጽር አድርጋ መጣች። ጣቴን በር ነክሶኝ በፋሻ የጠቀለልኩ ጊዜ የፍልፈሏም መዳፍ ተጠቅልሎ ወጣ። ምንም አልተባባልንም። እናቴ በየጊዜው «ያ ልጅ ግን ምን ይላል?» ትለኛለች። «ምንም አይልም» እላታለሁ። እውነቴን ነው።

እኔስ ለምን አልተናገርኩም? ፈራኋ። አይሆንም ካለኝ እሱንም ሥራውንም በአንድ ቀን ማጣቴ ነው። ቅዳሜዬን ምን አደርገዋለሁ? እያልኩ ዓመት በዓመት ላይ አሳለፍኩ።

እንግዲህ ከዚያ ዓርብ በፊት በነበረው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ገጽ ላከልኝ። ኤሊው ተንበርክኳል። ትንሽ ሣጥን ከፍቶ ለፍልፈሏ ይዘረጋላታል። ሣጥኑ ውስጥ ቀለበት አለ። ኤሊው አይናገርም፤ ያለው አንድ ባዶ ክብ የፍልፈሏ ብቻ ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ «አንቺ ዕውር ነሽ እንዴ?» ይለኛል። ቆይ እስቲ። በዘጠኝ ዓመት አርባ ያህል ቀለበት አውጥተናል። የእሳት ቀለበት አለ፣ የመሰወሪያ ቀለበት አለ፣ ጣትህ ላይ ካደረግከው ጫማ የሚጠብህ ቀለበትም አለ። ጌም ውስጥ ቀለበት ማለት ከሣጥን የሚወጣ ዕቃ ነው። ካልጠቀመህ ጉሬዛው ዘንድ ወስደህ ትሸጠዋለህ። መንበርከክም ቢሆን ኤሊው በየሦስት ገጹ የሚያደርገው ነገር ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ በሁለት በሽተኛ መሃል ጽፌ መለስኩለት። «ይቺማ አለችኝ። ጉሬዛው በስንት ይወስዳታል?»

ገጹ ወጣ፣ ሰው በሳቅ ፈረሰ። እንዲህ የተሳቀበት ገጽ ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። አንዱማ «ምስኪን ኤሊ፣ በቁሙ ሸጠችው» ብሎ ጽፎ ሺህ ሰው ወደደለት። ይህን አነብለታለሁ ብዬ ደስ እያለኝ ቅዳሜ ብሄድ የጓሮው በር ተዘግቷል። ስደውል አያነሣም። የዓርቡንና የማክሰኞውን ገጽ ያለ ሰላምታ ላከልኝ፤ ሞልቼ መለስኩ። ከዚያ ይህችኛዋን፣ የሞቷን ገጽ፣ ጭራሽ ሳይልክልኝ አወጣት።

አንባቢው ደግሞ የሚያለቅሰው እኔ ላይ ነው። «ለምን ገደልሻት?» ይላሉ። «ምን አደረገችሽ?» ይላሉ። አንዷ «ልጄ ምሳ አልበላም ብላለች፣ እግዜር ይይልሽ» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ መግደሌን ማን አየኝ? አንጀቴ አረረ። ስድስት ሰዓት ሲሆን መስኮቱን ዘግቼ እሳት ለብሼ እሳት ጎርሼ ወደ ስፌት ቤቱ ሄድኩ።

እህቱን እትዬ ነው የምላቸው። ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስፌት መኪናቸው ላይ ነበሩ። ሌላ ጊዜ «የኔ ዓለም» ብለው ተነሥተው ነው የሚስሙኝ። ያን ቀን መኪናውን እንኳ አላቆሙም።

«ምን ፊት ይዘሽ መጣሽ?» አሉኝ።

ልቆጣ መጥቼ ቁጣ ጠበቀኝ። ዓይናቸውን ከጨርቁ ሳያነሡ ነገሩኝ። ገጹ ላይ የሣለው ገዝቶ ያስቀመጠልኝን እውነተኛ ቀለበት ነው፤ አብረውት ሄደው የመረጡት እሳቸው ናቸው። ማክሰኞ ዕለት ሥራ ፈትቶ፣ ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲጠብቅ ነበር። መልሴ ሲመጣ አንብቦ ምንም ሳይል አወጣው። እሳቸው እጁን ይዘው ለምነውት ነበር፣ ይህን ለሰው አታሳይ ብለው። «የተመለሰው እንዳለ ይወጣል» አላቸው። ሰው እምቢ የተባለበትን በገዛ እጁ አውጥቶ አገር አሳቀበት።

«ባትፈልጊውስ እንዲህ ይባላል?» አሉኝ እትዬ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

ምን ይዋጠኝ። በዚያች ደቂቃ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር መሰለኝ፤ ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነገር ነው። የመጣብኝ ግን ሌላ ንዴት ነው፣ ከጠዋቱ የባሰ። በራሴም፣ በሱም፣ በዚያ «በቁሙ ሸጠችው» ባለው ሰውዬም ተናደድኩ። የጓሮውን በር በርግጄ ገባሁ።

የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ መሬት ላይ አጋድሞ አረንጓዴ ቀለም ይቀባል። አየኝና ወደ ሰሌዳው ተመለሰ። ከስቷል፤ ጢሙንም አልተላጨም።

«ቀልድ ነው የጻፍኩት» አልኩት። «እንደ ሌላው ቀን ገጽ መስሎኝ።»

ብሩሹ ቆመ።

«አላወቅሽም?»

«በምን ልወቅ? ያለፈው ወር ቀለበት ሰውን እንቁራሪት ያደርግ ነበር።»

ፊቱ ላይ ተስፋ ሲመጣ አየሁት፣ ያም ይበልጥ አናደደኝ። ስለዚህ ያለኝን ሁሉ አወረድኩበት። አንዲት ስልክ ቢያነሣ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ ነገር ዐሥር ቀን ሙሉ እንዳቃጠለኝ፣ ሰው የሚያገባትን ሴት በካርድ ክፍል መስኮት ሥር በሥራ ሰዓት እንደማይጠይቅ፣ ዝምታም ጨዋነት እንዳልሆነ ነገርኩት። ያን ጊዜ እሱም ተቆጣ። ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰምቼው አላውቅም ነበር።

«አርባ ሺህ ሰው ሳቀብኝ» አለ። «ክብሪት ልገዛ ስገባ ባለሱቁ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። አንቺ ነሽ የጻፍሽው። እኔ መልስሽ ነው ብዬ ነው የወሰድኩት።»

«ስለዚህ ገደልካት።»

«ሳያት አልቻልኩም።»

ይህን ሲል ድምፁ ተሰበረ። ትንሽ አሳዘነኝ፤ ትንሽ ብቻ። ብሩሹን ቆርቆሮው ውስጥ ከተተና ማክሰኞ አስነሣታለሁ አለኝ። ጌም አይደል፣ አንድ ተጨማሪ ነፍስ ከሣጥን ትወጣላታለች። ኤሊው ይቅርታ ይጠይቃታል፣ አንቺም ትሞዪዋለሽ፣ ሰውም ይረሳዋል አለ። ይህን ሲናገር እጁ አየር ላይ ገጹን መከፋፈል ጀምሯል። ያኔ ነው ቱግ ያልኩት። አሁንም ሊናገር ያሰበው ለሷ ነው።

«አታስነሣትም» አልኩት። «ትሙት።»

«ትወጃት የለ እንዴ?»

«እወዳታለሁ። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያነጋገርከው እሷን ነው። ስናፍቅህ ትሥላታለህ። ስትናደድብኝ ጉድጓድ ትከታታለህ። ልታገባኝ ስታስብ ሄደህ እሷ ፊት ትንበረከካለህ። እኔ እዚሁ አጠገብህ ነበርኩ። ሰው ነኝ፣ ጆሮ አለኝ። አሁን እሷ የለችም፤ በል እንግዲህ እኔን አነጋግረኝ።»

ዝም አለ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዝም ሲል እኔ ነኝ የማወራው፤ ቀልድ ፈልጌ አሳልፈዋለሁ። ያን ቀን ክንዴን አጣምሬ ቆምኩ። ወዲያ ማዶ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆሟል፤ እትዬ ጆሯቸውን ጥለዋል። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። አፉን ከፈተና ዘጋው፣ እንደገና ከፈተው። ላግዘው አማረኝ፤ ምላሴን ነከስኩ።

«ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ስትሄጂ ደስ አይለኝም» አለ። «በርጩማዋን አላነሣትም። እህቴ ትቆጣኛለች፣ መንገድ ዘጋህብኝ ትላለች፣ እኔ ግን አላነሣትም። እና አትሂጂ ማለቴ ነው። ከኔ ጋር ኑሪ። አግቢኝ። ይኼው ነው፣ ሌላ የለኝም።»

እንጀራዬ ባይሆንም ቃል ማረም ሥራዬ ነውና፣ ከተናገረው ውስጥ መሰረዝ ያለበትን ሁሉ አየሁት። ስለ እህቱ ያለው ይሰረዛል። መጀመሪያ መባል ያለበት መጨረሻ ላይ ነው የመጣው። ከዚያ ሁሉ አንድ ፊደል እንኳ ልነካበት አልፈለግኩም። እንባዬ መጣ፤ መምጣቱም አናደደኝ።

«አገባሃለሁ» አልኩት። «ግን እንዳትስቅ። ገና አልጨረስኩም።»

አልሳቀም። ቀለም የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠራርጎ እጄን ያዘኝ። የምሳ ሰዓቴ አልፏል። እዚያው ጓሮው መሃል ቆመን፣ እጄን እንደያዘኝ፣ ሌላ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ሰደብኩት።