ለስላሳው ማሰሪያ

«ይሄኛውስ?» አለ ሀዚም።

ዚክራ ግራ እጇን በቆዳው ስር አሾለከችና ጣቶቿን ቁልፎቹ ላይ ዘረጋች። ኮንሰርቲናዋን ከፈተቻት፤ መልሳ ዘጋቻት። ከየመን የመጣው ቅድመ አያቷ ይዟት የመጣት፣ በሁለት እጅ መሐል የምትያዝ ባለ ስድስት ማዕዘን ትንሽ አኮርዲዮን ናት። በትከሻ አትንጠለጠልም። በየጎኗ ያሉት የቆዳ ማሰሪያዎች እጅን ካልያዙ እንደ እርጥብ ሳሙና ታመልጣለች። የድሮዎቹ ማሰሪያዎች የትምህርት ቤቱ ኪነት ቡድን ልምምድ ላይ ተበጥሰው መሬት ሊጥሏት ነበር። ሰኞ ደግሞ ዚክራ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መድረክ ላይ ትቆማለች።

ያልሞከረችው ቆዳ የለም። ከአባቷ አሮጌ ቀበቶ የቆረጠችው ደረቅ ስለነበር የእጇን ጀርባ ልጦ አደማት። ገበያ የገዛችው የበግ ቆዳ አንድ ዜማ ሳትጨርስ ተለጠጠና እጇ ውስጡ ይዋልል ጀመር። ይህኛው ግን ሌላ ነው። ወፍራም ሆኖ ለስላሳ፣ ጠርዙ የማይቆረቁር፣ መልኩ እንደ በሰለ ቴምር።

«ወላሂ፣ እጄን ድሮ የሚያውቀው ነው የሚመስለው!»

«አላልኩሽም? አጎቴ ከሚሠራበት ፋብሪካ ነው። ቁራጭ እንደዚህ ነው የሚጥሉት።»

«ትንሽ ቅቤ ቅቤ ይሸታል ግን።»

«ቆዳ ነዋ! ሽቶ እንዲሸት ፈለግሽ?» አለ ሀዚም፤ ሳቀችም።

የዚክራ እናት ግን ስጦታ ተቀብሎ ዝም ማለት አይሆንላትም። ቅዳሜ ጠዋት ቴምር በከረጢት ሞላችና «ለአጎቱ አድርሺ፤ ሙዚቃሽንም አሰሚው» አለቻት። ዚክራ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ወርዳ መናኸሪያ ስትደርስ ሀዚም ከረጢቱን አየና ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አለፋሽ? እኔ አደርስለታለሁ።»

«ምነው፣ ቤታችሁን አልበላው!»

ሚኒባሱ ከደሴ አጎቱ እስከሚኖርበት ኮምቦልቻ ያለውን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሲወርድ ሀዚም ዓይኑን ከከረጢቱ አልነቀለም። ሌላ ጊዜ ሹፌሩን ሳይቀር የሚያስቅ ልጅ ነው። ዚክራ መንገዱ አዙሮት ይሆናል ብላ መስኮቱን ከፈተችለት።

በሩን የከፈተችላቸው የአጎቱ ሚስት ከይሪያ ናት። ዚክራ ቴምሩን በሁለት እጇ ሰጠቻት።

«ለቆዳው ነው። እናቴ ጀዛኩሙላህ ብላለች።»

«የምን ቆዳ፣ የኔ ዓለም?»

«ባለቤትሽ ከፋብሪካ ያመጡልኝ።»

ከይሪያ ሳቀች። «ውይ! እሱ እኮ ጨርቃ ጨርቅ ነው የሚሠራው። ቆዳ በምን ዕድሉ ያገኛል?»

ዚክራ ወደ ሀዚም ዞረች። መሬት መሬት ያያል። ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ከውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ከይሪያ፣ እንግዳ በር ላይ ይቆማል እንዴ?»

የሀዚም አያት ሸህ መሕሙድ ናቸው። ሐሙስ ሐሙስ ሰው ለዱዓ በሚሰበሰብበት ሐድራ ላይ መንዙማ ሲወጣ ድቤ የሚመቱት እሳቸው እንደሆኑ ሀዚም ብዙ ጊዜ አውርቶላታል። ልጆቹ ሲገቡ ያ ትልቅ ከበሮ ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። እንደ ሕፃን አቅፈውታል።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም። በደህና ጊዜ መጣሽ፣ ድቤዬን ተሰናበቺው። ከእንግዲህ በኔ ቦታ የሚመታው ጀሚል ዛሬ ከሐርቡ መጥቶ ይወስደዋል።»

«ለምን ይወስደዋል?»

«ማንገቻውን ጣልኩታ። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ አንገቴ ላይ የኖረ፣ ቅቤ እየቀባሁ እንደ ሐር ያለሰለስኩት ቆዳ ነበር። ቤቱን ሁሉ አገላበጥን። ማን ይወስደዋል? እኔው ነኝ የሆነ ቦታ የጣልኩት።» ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «አባቴንም እንዲህ ነው የጀመረው። መጀመሪያ ዕቃ ጠፋበት፣ ከዚያ መንገድ። በመጨረሻ የኔን ስም።»

ከይሪያ ወደ ዚክራ ጠጋ አለች። «ከዚያ ወዲህ ብቻቸውን ከደጅ አይወጡም» አለች በሹክሹክታ። «መስጊድ እንኳ በሰው ነው። አብሽሩ፣ አይዞዎት ብንላቸው አይሰሙም።»

የዚክራ እጅ ኮንሰርቲናዋን በያዘችበት ቦርሳ ውስጥ ነበር። ጣቷ ማሰሪያውን ነካ፤ ፍም እንደነካ ሰው እጇን ሰብስባ አወጣች። የሚሉት ቃል ከዚያ በኋላ አልገባትም። የሽማግሌው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ታያለች። ቦርሳዋን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ ሀዚም ተከተላት።

«የድቤውን ማንገቻ ነው የቆረጥከው?»

«ሁሌ ለብቻው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነው የማየው፣ ሐሙስ መጥቼ አላውቅም። ድቤውን ተቀምጠው ነው የሚመቱት፣ ማንገቻ አይፈልጉም ብዬ ነው። እጅሽ ደምቶ ነበር እኮ!»

«እንዲህ እንደሆኑ መች ሰማህ?»

ሀዚም በጫማው ጫፍ አፈሩን ጫረ።

«መች ነው ያልኩህ?»

«ባለፈው ሳምንት።»

«ሰምተህ ነው ዝም ያልከው? አእምሮዬ ሄደ እያሉ?» የራሷ ድምፅ አስደነገጣት።

«በምን አፌ ልንገራቸው? ዚክራ፣ ሰኞ ይለፍ። ከዚያ አልጋ ስር አገኘሁት እላለሁ፣ በአላህ።»

«ሁለት ቦታ ተቆርጦ?»

ከአጥሩ ውጭ ባጃጅ ቆመ። አንድ ሰው ከሹፌሩ ጋር ሲሰነባበት ተሰማ። ጀሚል ነው።

ዚክራ ኮንሰርቲናዋን ከቦርሳው አወጣች። የቀኙ ዘለበት ቶሎ ተፈታ። የግራው እምቢ አላት። በጥርሷ ስባ ፈታችው። ሁለቱን ቆዳዎች በሀዚም መዳፍ ላይ አኖረች።

«ግባ።»

«አንቺስ?»

«ካልገባህ እኔ እገባለሁ።»

ገባ። ዚክራ በሩ ላይ ቆመች። ሀዚም ከአያቱ ፊት ተንበርክኮ ቆዳዎቹን ድቤው ላይ አስቀመጠ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት፣ አባባ።»

ሸህ መሕሙድ አንዱን አነሡ። አውራ ጣታቸው በቆዳው ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ የተቆረጠው ጫፍ ላይ ቆመ። ዚክራ ጩኸት ጠበቀች፤ ዱላም ጠበቀች።

«አንተ ነህ?» አሉ።

«አዎ።»

«እኔ አይደለሁም?»

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ሀዚም ደገመላቸው። ሁለተኛው ላይ ድምፁ ተሰበረ። ሽማግሌው በፎጣቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይርገፈገፋል። ይሳቁ ያልቅሱ አይለይም። ጀሚል ከውጭ ሰላምታ ቢያሰማም ለመነሣት የቻለ የለም።

ዚክራ ባዶዋን ኮንሰርቲና ጥግ አስቀመጠች።

«እትዬ ከይሪያ፣ ወስፌና ጠንካራ ክር ይኖራል?»

ከይሪያ አመጣችላት። ዚክራ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ የሁለቱን ቆዳዎች የተቆረጡ ጫፎች አነባበረች፤ ቀና ሳትል ወደ ሀዚም ገፋችለት።

«ያዝልኝ» አለችው። «አጥብቀህ።»