ስድስት መቶ ሰማንያ ያርድ

ሜርል ስቶዳርድ በደረቱ ተደፍቶ፣ ግማሽ ፊቱ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ ተገኘ። ጥይቱ በግራ ብብቱ ስር ገብቶ በቀኝ በኩል ሲወጣ ሁለት ጎድኑን ሰባብሯል። አዳኞች ሁሉ የሚለብሱት ብርቱካናማ ሰደርያ ደም ጠጥቶ ጠቁሯል። ከሰደርያው ያለፈው ደም በረዶውን አቅልጦ እስከ ሳሩ ወርዷል።

ዋዮሚንግ ተራሮች ላይ፣ ኤልክ የሚባለው ትልቁ አጋዘን በሚታደንበት በጥቅምት፣ ሰው በጥይት ሲሞት ብርቅ አይደለም። አልፎ አልፎ አንዱ ችኩል ሌላውን ችኩል አጋዘን መስሎት ይጥለዋል። ይህኛው ግን ለየት ይላል። «ገዳዩ እኔ ነኝ፣ ኑና ውሰዱኝ» ብሎ በሬዲዮ የተጣራው የሟቹ የልጅ ባል ነው።

ብሪታ ሃውገን ሦስት ሰዓት በፈረስ ተጉዛ እኩለ ቀን ላይ ደረሰች። ሃያ ስድስት ዓመት የአደን ተቆጣጣሪ ሆና ሠርታለች፤ አጭር፣ ደንዳና፣ ከአፏ ቃል በመከራ የሚወጣ ሴት ናት። ኪሷ የሱፍ ፍሬ አይጠፋበትም። ሰው ሲያወራ ፍሬውን በጥርሷ እየፈለፈለች ታዳምጣለች። መፈልፈሏን ካቆመች ግን የሚያወራው ሰው ቢጠነቀቅ ይሻለዋል።

ካምፑ ውስጥ አራት ሰዎች ጠበቋት። ዌስ፣ የሟቹ አማች፣ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል። እንዲህ ያደረገው የሟቹ ታናሽ ወንድም ኦርቪል ነው። አስከሬኑ አጠገብ ጥሎት፣ ደረቱ ላይ ተንበርክኮ ሲቀጠቅጠው፣ ጠመንጃ ሠሪው ቶቢ ነው እየጎተተ ያላቀቃቸው። የሟቹ ልጅ ጆሊን ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ዌስ ባሏ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ግን ቀና ብላ አላየችውም።

«ንገረኝ» አለችው ብሪታ ዌስን።

«ምን ልንገርዎት? ገደልኩት አልኩ እኮ!»

«እሱን ሰማሁ። ከመተኮስህ በፊት ያለውን ጀምርልኝ።»

ዌስ የቆሰለ ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። «ኮርማው ኤልክ ከገደሉ ማዶ ብቅ አለ። ቶቢ ርቀቱን ለካልኝ፤ ስድስት መቶ ሰማንያ ያርድ። የጠመንጃውን መነጽር አስተካከልኩ፣ ትንፋሼን ያዝኩ፣ ምላጩን ሳብኩ። ኮርማው ምንም አልሆነም፤ እየተንጎራደደ ጫካ ገባ።»

«ስንት ጥይት ተኮስክ?»

«አንድ። አንድ ብቻ! ሜርልና ኦርቪል መጠበቅ የነበረባቸው ወንዙ ዳር ነው። ከኮርማው ጎን ስልሳ እርምጃ ላይ ምን ይሠራሉ?» ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ጆሊን አባቷን ከገደለ ሰው ጋር እንዴት አንድ ማዕድ ትቀርባለች? ይውሰዱኝና ልገላገል።»

ጠመንጃው ከጎኑ ወድቋል። ጠዋት ድንጋይ ላይ ሊሰብረው ሞክሮ ሰደፉ ተልጧል፤ የእጁ ቆዳም አብሮ ተልጧል። ብሪታ ጠመንጃውን አንስታ ቶቢን ወደ ፈረሶቹ ወሰደችው።

«ይህን አንተ ነህ የሠራኸው?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ሦስት ይዤ መጣሁ፤ ሜርል "አማቼ የራሱን ይምረጥ" ብሎኝ ነበር። አንደኛው ላባ ነው፤ ሲተኮስ ግን ትከሻ ይነቅላል። ሌላው ሺህ ያርድ ላይ ሳህን ይበሳል፤ ግን ተሸካሚ በቅሎ ይፈልጋል። ዌስ መካከለኛውን አነሳ። ሜርል እንዴት እንደተደሰተ ቢያዩ! "ጎበዝ! ተራራ የማይወጣ ጠመንጃ ሩቅ አይተኩስም" አለው።»

«ኦርቪልስ?»

«ኦርቪልን ያውቁት የለ? በአያቱ ጠመንጃ ነው የሚያድነው። ከመቶ እርምጃ በላይ ተኩሶ አያውቅም፣ ይኮራበታልም። "በሚመጣው ዓመት ደግሞ አልጋችሁ ላይ ሆናችሁ ግደሉት። አጋዘኑ ሲተነፍስ ያልሰማ ሰው አዳኝ ነኝ አይበል" ብሎ አሳቀን።» ቶቢ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዚያ ሜርል የመጠጥ መለኪያውን አንስቶ ካምፑን ለዌስ ሰጥቻለሁ አለ። ፈረሶቹን፣ ከፍለው የሚያድኑ እንግዶቹን፣ ተራራውን። ያኔ ኦርቪል አልሳቀም።»

«ዛሬ ዌስ ሲተኩስ ምን ሰማህ?»

«ጆሮዬን ደፍኜ ነበር። ተኩሱን፣ ቆየት ብሎ ደግሞ የገደል ማሚቶውን። ወፈር ያለ ማሚቶ ነበር።»

«ምን ያህል ቆይቶ?»

«አምስት ሴኮንድ ቢሆን ነው።»

ኦርቪል ግንድ ላይ ተቀምጦ ቢላዋ ይስላል። ስልሳ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ትከሻው አሁንም የበሬ ነው። የወንድሙ ደም እጅጌው ላይ ደርቋል።

«እዚህና እዚያ ስትጠያይቂ ሰውየው ያመልጥሻል» አላት ቀና ሳይል። «ገደልኩ ብሎሻል፤ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ባንተ ዓይን ማየት እፈልጋለሁ። የት ነበርክ?»

«ወደ ማዶ ሲዞሩ ከሜርል በስተግራ፣ ሠላሳ እርምጃ ላይ። ወደ ላይ እንውጣ ያለኝ እሱ ነው። የአማቹን ተኩስ ማየት አማረው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ምን ከዚያስ አለው? ጠመንጃው ጮኸ። ሜርል ዞር ብሎ ወደ ማዶ ቀና አለ፤ ወዲያው ጥይቱ ጣለው። እንደተቆረጠ ዛፍ ነው የወደቀው። ሮጬ ስደርስ ደም ይተፋል። እጄ ላይ ነው ነፍሱ የወጣችው።» እንባው በጺሙ ላይ ወረደ። የውሸት እንባ አልነበረም፤ ሰው የገዛ እጁ ለሠራውም ያለቅሳል።

ብሪታ የሱፍ ፍሬውን መፈልፈል አቆመች።

«ጠመንጃው ጮኸ፤ ከዚያ ዞረ፤ ከዚያ ወደቀ?»

«በመጽሐፍ ቅዱስ እምላለሁ።»

«መማል አያስፈልግህም። አምንሃለሁ» አለችው።

ቶቢን አስከትላ ገደሉን ተሻገረች። ሜርል የቆመበት ቦታ ላይ ሁለት የጫማ ዱካዎች በረዶው ውስጥ ጠልቀው ይታያሉ፤ ጣታቸው ቀጥ ብሎ ወደ ማዶው አፋፍ፣ ዌስ ወደተኮሰበት ያመለክታል። ብሪታ ዱካው ጎን ቆማ ፊቷን እንደ ሟቹ አዞረች፤ በግራ ብብቷ ስር ጣቷን አሳረፈች።

ከዚያ ኮርማው ወደነበረበት ሄደች። ከሰኮናው ምልክት ጀርባ፣ ከኮርማው ትከሻ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ አንድ ጥድ ከተበሳ ቅርፊቱ ሙጫ ያነባል። ቶቢ በመጥረቢያ ፈልፍሎ አንዲት የመዳብ ጥይት አወጣ። እንደ አበባ ተከፍታለች።

«የኔ ናት!» አለ። «ባሩዷን የሞላሁት ራሴ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት።»

«ዝም በል አሁን» አለችው። «እስክነግርህ ድረስ ዝም በል።»

ተመልሳ መጀመሪያ ያደረገችው የኦርቪልን አሮጌ ጠመንጃ ከድንኳኑ ምሰሶ ላይ አውርዳ አፈሙዙን ማሽተት ነው። ከዚያ አራቱንም ወደ ትልቁ ድንኳን ጠራች። ሁለቱ ጠመንጃዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ተጋድመዋል።

«ዌስ አንድ ጥይት ተኮሰ» አለች። ጥይቷን በጠመንጃዎቹ መካከል አስቀመጠች። «ያቺውም ይቺውና። ከኮርማው ጀርባ ጥድ ውስጥ ነበረች። ሜርልን የገደለው ሌላ ጥይት ነው።»

ዌስ ጥይቷን አየ፤ የገባው አይመስልም። ጆሊን ግን ገብቷታል፤ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«የዓምናም ሊሆን ይችላል» አለ ኦርቪል።

«ባለፈው ሳምንት ነው የሞላኋት!» ቶቢ ጮኸበት።

«ኦርቪል» አለች ብሪታ፣ «ከስድስት መቶ ሰማንያ ያርድ የተተኮሰ ጥይት አንድ ሴኮንድ እንኳ ሳይሞላ ይደርሳል። ድምፁ ግን ሁለት ሴኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሩቅ የሚተኩስ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሥጋው ቀድሞ ይመታል፣ ጩኸቱ ኋላ ይመጣል። የዌስ ጥይት መትታው ቢሆን ሜርል ተኩሱን ሳይሰማ በወደቀ ነበር። አንተ ግን ሰምቶ ዞረ አልከኝ። ዱካውም መዞሩን ይመሰክራል።»

ኦርቪል ወደ ድንኳኑ መውጫ አየ።

«አንተ የምትተኩሰው ከቅርብ ነው። ጩኸቱና ሞቱ ላንተ እኩል ናቸው፤ ስለዚህ ነገሩ አልታየህም። አልዋሸኸኝም እኮ! ያየኸውን ነው የነገርከኝ። የዘለልከው፣ በመዞሩና በመውደቁ መካከል የሳብከውን ምላጭ ብቻ ነው።»

«ማሚቶው!» አለ ቶቢ።

«አዎ። የዌስ ተኩስ ኦርቪል ጋ ሲደርስ ሁለት ሴኮንድ፤ ሜርል እስኪዞር አንድ፤ የኦርቪል ተኩስ ወደ አንተ ሲመለስ ሁለት። የገደሉም ማሚቶ እየተጎተተ በዚያው ሰዓት ነው የሚመለሰው። ሁለቱን ደርበህ ሰማህ።» ወደ ኦርቪል ዞረች። «ደግሞ ፊቱን ወደ ዌስ ያዞረ ሰው ከዌስ በኩል ቢመታ ደረቱን ነው። የሜርል ቁስል ግራ ብብቱ ስር ነው። በግራው የቆመው ማን ነበር?»

«ጠመንጃዬ ንጹሕ ነው! ተመልከቺው!»

«ተመለከትኩት። ዘይት ዘይት ይላል።»

ጆሊን ያን ጊዜ ተነሳች። «አጎቴ» አለች፣ በቀጭን ድምፅ፣ «አንተ የአደን ወቅት ሳያልቅ ጠመንጃ ወልውለህ አታውቅም። የተወለወለ በርሜል የመጀመሪያዋን ጥይት ይስታል ብለህ እኔን ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

የኦርቪል ዓይን ደም ለበሰ። ቢላዋውን መዝዞ በብሪታ ላይ ተወረወረ፤ መሀል የገባው ቶቢ ክንዱ እስከ አጥንቱ ተተረተረ። ብሪታ የዌስን ጠመንጃ በበርሜሉ አንስታ በሰደፉ የኦርቪልን የእጅ አንጓ መታችው። አጥንቱ ሲሰበር ሁሉም ሰሙት። ቢላዋው ሳይወድቅ በፊት ዌስ ላዩ ላይ ነበር። በቡጢ አፉን፣ አፍንጫውን፣ ያገኘውን ሁሉ ይወቅጠዋል። ምድጃው ተገለበጠ፤ ፍሙ መሬቱ ላይ ተበተነ። ኦርቪል መከላከሉን ትቶ ነበር፤ ዌስ ግን አላቆመም።

«ዌስ! በቃ! ተው!»

የጆሊን ድምፅ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስሙን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው። የዌስ ቡጢ አየር ላይ ቀረ።

ብሪታ የኦርቪልን ጤነኛ እጅ ከምሰሶው ጋር አሰረች። ጆሊን የቶቢን ክንድ በአንገት ልብሷ ጠቅልላ ስትጨርስ ወደ ዌስ ሄደች፤ የተላጠ እጁን በሁለት እጇ ያዘችው።

ኦርቪል ጥርሱን ከነደሙ ተፋ።

«ላልተኩስ ነበር» አለ። ማንም አልጠየቀውም። «ወደ ላይ ያወጣሁት ለዚያው ነው፤ አልክድም። ግን ሳየው አቃተኝ። ጣቴን ከምላጩ አንስቼ ነበር፣ እግዜርን! ከዚያ ያ ተኩስ ተሰማ። ዞር ብሎ እጁን ወደ ላይ ወርውሮ "ልጄ ጣለው!" ብሎ ጮኸ፤ እንደ ሕፃን ነው የቦረቀው። አርባ ዓመት አብሬው አድኛለሁ። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳ ለእኔ እንዲህ ብሎ አያውቅም።»

ጆሊን አባቷን እያሰበች ታለቅሳለች። ዌስ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን የመዳብ ጥይት አነሳት።

«አልጣልኩትም እኮ» አለ። «ስቼው ነበር።»