ያደረበት በር

ሬሳው የተገኘው ከደባርቅ ወደ ሊማሊሞ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ቦይ ውስጥ ነው። ኢንስፔክተር ትሕትና ስትደርስ ፀሐይ ገና አልወጣችም፤ የጥር ውርጭ ሣሩን ጨው የተነሰነሰበት አስመስሎታል። ሟቹ ገብረ ክርስቶስ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊት ከኤርትራ ተሰዶ የመጣ፣ ባልዲና ኩራዝ እየሠራ የሚያድር ቆርቆሮ ቀጥቃጭ።

«ቁስል የለበትም፤ ብርድ ነው የገደለው» አለ ሐኪሙ።

ትሕትና ግን ሬሳው ከተነሣ በኋላ ጎንበስ ብላ ቆየች። ከሥሩ ያለው ሣርም ውርጭ ነበረበት። ሌሊቱን ሙሉ ሰው የተኛበት ሣር እንዲህ አይሆንም። ኮቱን ገልብጣ አየችው፤ ጀርባው ላይ ሰማያዊ ጠመኔ፣ ኮሌታው ውስጥ ደረቅ የጌሾ ቅጠል አለ።

ወረዳው ያን ሰሞን በቆጠራ ላይ ነበር። ከውጭ አገር የመጡ ሰዎች ስንት እንደሆኑ ለማወቅ ቆጣሪዎች በዋዜማው በየበሩ ቁጥር ይጽፋሉ፤ በማግሥቱ ጠዋት እየዞሩ «ትናንት ሌሊት እዚህ ቤት ማን አደረ?» ይላሉ። ሰው የሚቆጠረው ባደረበት ቤት ነው። መንግሥት ሲቆጥር ድሃ መደንገጡ ደግሞ የኖረ ነው፤ የተቆጠረ ስደተኛ ተጭኖ ይወሰዳል የሚል ወሬ ከተማውን አዳርሶት ነበር።

ሬሳው ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጣለ መሆኑ ሲታወቅ፣ ፖሊሶቹ እኩለ ቀን ሳይሞላ ነጋዴውን ሀሚድን አሰሩት። ገብረ ክርስቶስ የሚሠራው በሱ መጋዘን ደጃፍ ነበር፤ በዋዜማው አመሻሽ ላይም ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል። የስድስት ልጆች አባት በማግሥቱ ወደ ጎንደር ሊላክ ነው።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው ትሕትና።

«ዛሬን መጋዘንህ ልደር አለኝ። እምቢ አልኩት።» ሀሚድ ቀና ብሎ አላያትም። «ስደተኛ አሳደረ እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሁለት ዓመት ደጄን ሲጠብቅልኝ ኖሮ፣ አንድ ቀን ቢለምነኝ እምቢ አልኩት።»

«ለምን ቤቱ እንደማያድር አልጠየቁትም?»

«ጠየቅሁት። መዶሻውን አንሥቶ ሄደ።»

ቤቱ የተባለው የማንጠግቦሽ ጓዳ ነው። ማንጠግቦሽ ባሏ የሞተባት ጌሾ ነጋዴ ናት። ግቢዋ ውስጥ አህያዋ ታስራለች፤ ጆንያዎቹ ተደርድረዋል። የቤቱ በር ከላይ ቆርቆሮ፣ ከታች ሳንቃ ነው፤ ቁጥር ግን የለበትም።

«እመት ማንጠግቦሽ፣ ቁጥሩ የት ሄደ?»

«ዝናም አጠበው፣ ልጄ።»

«በጥር?»

ሴትየዋ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ትሕትና ጎንበስ ብላ ሳንቃውን በጣቷ ዳሰሰች። አንዳንድ እውነት ባይገኝ ይሻላል።

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው በር ፊት ሰበሰበቻቸው፤ ሀሚድን በካቴና፣ ማንጠግቦሽን፣ ምስክር የሚባለውን የሰፈሩን ቆጣሪም።

«ምስክር፣ የአቶ ሀሚድን በር ቁጥር የት ጻፍክ?»

«ከዓይኔ ትይዩ። እስካሁን አልተነካም።»

«የዚህንስ?»

«ቆርቆሮው ጠመኔ አልይዝ ስላለኝ ቁጢጥ ብዬ ሳንቃው ላይ ጻፍኩ። ትናንት ስመጣ ጠፍቷል፤ ልጆች መስለውኝ ነበር።»

«የጠመኔው ቀለም?»

«ሰማያዊ።»

ትሕትና መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጠች።

«እንዲህ ነው ያደረው። አቶ ሀሚድ ሲከለክለው ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ተደግፎ ተቀመጠ፤ እዚሁ ሞተ። የቁጥሩ ግማሽ ኮቱ ላይ ቀረ፤ የቀረው ታጠበ። ቦይ ውስጥ የተጣለው ውርጩ ከወረደ በኋላ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። የሄደው በአህያ፣ በጌሾ ጆንያ ተሸፍኖ ነው።»

ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም።

«እንዳይወስዱብኝ ብዬ ነው ለአንድ ሌሊት ውጣ ያልኩት። እንደ ወንድሜ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ሰማሁት። በረደኝ አለ፤ አንዴ ብቻ። ብከፍትለት እኔ ቤት አደረ ማለት ነው። ዝም አልኩ። እሱም ገብቶት ዝም አለ። ዶሮ ሲጮህ በሩ ወደ ውጭ አልከፈት አለኝ። እሱ ነው የከበደው።»

«እማማ፣» አለ ምስክር፣ «ማንንም አንወስድም እኮ። ስም እንኳ አንጽፍም። ዕድሜ፣ ፆታ፣ የመጣበት አገር፤ በቃ።»

«ይህን ነግረሃቸው ነበር?» አለች ትሕትና።

«ማንም አልጠየቀኝም።»

የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እዚህ ግን ያልነበረውን ፈርተው የነበረውን አጡ። የሀሚድ ካቴና ተፈታ። ይሂድ ቢባልም አልሄደም፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«ትናንት ብቻዬን ነኝ ብዬሃለሁ» አለችው ማንጠግቦሽ ምስክርን። «አሁን አርመው፣ ልጄ። እኔ ቤት ነው ያደረ ብለህ ጻፍልኝ።»

ምስክር ታብሌቱን ከፍቶ ጥቂት ነካካ። ከዚያ ትሕትናን አያት።

«በሕይወት ያደረውን ብቻ ነው የሚቀበለው።»

ምስክር ታብሌቱን እንደነበረ ዘጋው። የቤቱ ሰው ብዛት አንድ፣ ከውጭ የመጣ የለም።

ትሕትና ማንጠግቦሽን ክንዷን ይዛ መራቻት። ከግቢው ሊወጡ ሲሉ አብሯቸው የመጣው ፖሊስ የቤቱን በር ሊዘጋ እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለች ማንጠግቦሽ። «ዛሬ ክፍት ይደር።»