ሁለትን የሚጫነው ሰው

ፈዋዝን በመልኩ ሳይሆን በቀይ ቀለም ነው መጀመሪያ ያወቅሁት።

በፈረንጆቹ 2009 ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ በሚባል ጎዳና ላይ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሰዎች በነጻ የሚታከሙባት ጠባብ ክሊኒክ ነበረች፤ እኔ ኢሽራቅ አስተርጓሚዋ ነኝ። የቲቢ መድኃኒት ለሚወስዱ ሁሉ ሞባይላቸው ላይ አንድ ፕሮግራም ተጫነላቸው። በየጠዋቱ ይጠይቃቸዋል፤ ኪኒኑን የዋጠ አንድን፣ ያልዋጠ ሁለትን ይጫናል። ሁለትን የተጫነ ሰው ስሙ ኮምፒውተሬ ላይ ቀይ ይሆናል፤ ያኔ እኔ እደውላለሁ።

ፈዋዝ ኩን ራፒድስ በምትባል የከተማዋ ዳርቻ አንድ ሱቅ ውስጥ ዕቃ የሚደረድር የወሎ ልጅ ነው። በሽታው እንዳይቀሰቀስበት ዘጠኝ ወር ሳያቋርጥ መዋጥ ነበረበት። ሦስት ወር ቀጥ ብሎ ቆየና አንድ ሰኞ ቀላ።

«ምነው፣ ምን ሆኑ?» አልኩት።

«ረሳሁት እኮ እህቴ!»

ሐሙስም ሁለት። ቅዳሜም ሁለት። በሦስተኛው ስልክ «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ» ሆነ። እኔ እቆጣለሁ፣ እሱ ይስቃል፤ ስለ ሺፍቱ፣ ስለማይሠራው የመኪናው ሂተር ያወራኛል። ስልኩን ስዘጋ ግን እሰጋለሁ። ታላቅ ወንድሜን ያጣሁት ይህንኑ መድኃኒት አቋርጦ ነው። በየሶላቴ ለፈዋዝ ዱዓ አደርግ ነበር። ምን እደብቃለሁ፣ ወድጄዋለሁ።

በስድስተኛው ወር የክሊኒኳ ነርስ ሁለታችንንም ጠራችን።

«ሃያ አንድ ቀን አቋርጠሃል። ዘጠኙን ወር ከሀ ትጀምራለህ» አለች፤ ተረጎምኩለት።

ፈዋዝ ደነገጠ። ከቦርሳው የስድስቱን ወር ጠርሙሶች አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። ሁሉም ባዶ ናቸው።

«አንድም ቀን አላቋረጥኩም» አለ።

«ታዲያ ለምን ሁለትን ትጫናለህ?» አለች ነርሷ፤ ተረጎምኩለት።

ነርሷን ትቶ እኔን አየኝ።

«ኢሽራቅ እንድትደውልልኝ ነው። እወዳታለሁ።»

ወይ ጉዴ! ደሜ ፈላ። ሃያ አንድ ጠዋት ያ ሁሉ ጭንቀቴ ለዚህ ኖሯል?

«ምን አለ?» አለች ነርሷ።

የአስተርጓሚ ደንብ አይጨመር፣ አይቀነስ ነው፤ ሰውየው «እኔ» ካለ አንቺም «እኔ» ትያለሽ። ዝም ብል ደግሞ ፈዋዝ ዘጠኝ ወር እንደገና ሊውጥ ነው።

«ኢሽራቅ እንድትደውልልኝ ነው። እወዳታለሁ» አልኩ በእንግሊዝኛ። ፊቴ ተቃጠለ።

ነርሷ ጠርሙሶቹን ደጋግማ አየች። ከዚያ ፋይሉ ላይ የጻፈችውን ሰርዛ «የቀረው ሦስት ወር ብቻ ነው» አለች። «ኢሽራቅስ ምን ትላለች?»

ደንብ ነውና ይህንንም ተረጎምኩለት።

«እኔ እንጃ፣ ነርሷን ምን ልበላት?» አለኝ ፈዋዝ።

«ሃያ አንድ ጊዜ ቀብሬሃለሁ እኮ! ወንድሜን በዚህ ነው ያጣሁት፤ በዚህ ይቀለዳል?» እንባዬ መጣ።

ፊቱ አመድ መሰለ። «አላወቅኩም፤ ወላሂ አላወቅኩም። ይቅር በይኝ። ከፈለግሽ ዘጠኙንም ወር እውጠዋለሁ።»

ነርሷ አሁንም መልስ ትጠብቃለች። ወደ እሷ ዞርኩ።

«እኔም እወደዋለሁ» አልኳት በእንግሊዝኛ።

ለፈዋዝ አልተረጎምኩለትም። እሱ ግን ያቺን ያህል እንግሊዝኛ ገብታው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ማልቀስ ጀምሯል።