ሦስተኛው ትራስ

«ትራሴን ማን ወሰደው?»

ሚጢጢ አልጋዋን ዳበሰች። ማታ ስትተኛ ትራሷ ነበረ። ጠዋት ስትነቃ ጭንቅላቷ ፍራሹ ላይ ነው፤ አንገቷም አልዞር ብሏል። ተነሳችና የወንድሟን ክፍል መጋረጃ ገለጠች።

ትራሷ እዚያ ነው። አልጋው ራስጌ ላይ ቁልል ተሠርቷል። ከሥር የራሱ፣ ከላዩ ከትናንት በስቲያ ከእናታቸው አልጋ የወሰደው፣ ከሁሉም በላይ ቢጫ አበባ ያለበት የእሷ። ሰው ተኝቶ ያደረበት አልጋ አይመስልም። ወንበር ይመስላል።

«ሌባ!» ብላ ጮኸች።

ሌባው ኮሪደሩ ላይ ሚዛን ላይ ቆሟል። እሱም እየጮኸ ነበር። «ሁለት ኪሎ ተኩል! በሦስት ቀን! እማ፣ ሰምተሻል?»

«ሰማሁ፣ ልጄ። እሰይ» አለች እናታቸው ከጓዳ። ጫማዋን በአንድ እጇ፣ ቦርሳዋን በሌላው ይዛ ወደ ሥራዋ እየተጣደፈች ነው።

«እማ፣ ትራሴን ሰረቀኝ!»

«ተይለት። የታመመ ሰው ነው።»

«ያንቺንም እኮ ወስዷል!»

«ተይለት አልኩሽ፣ ሚጢጢ። በጠዋቱ አታናጂኝ።»

ሚጢጢ ያላት ወንድሟ ነው፤ ከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ተቀበለው። አሥራ አምስት ዓመት ሞልቷት፣ ቁመቷ ከእናቷ በልጦም ስሙ አልለቀቃትም። ወንድሟን ደግሞ ግንቡ ይሉታል። ጎሚስታ ነው። ቀን የመኪና ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፤ ከሥራ በኋላ ብረት ያነሳል። ለውድድር አይደለም። ደስ ስለሚለው ነው። ደረቱ በር ሲገባ ከእሱ ቀድሞ ይገባ ነበር።

ባለፈው ዓመት ኃይለኛ ጉንፋን ያዘው። ጉንፋኑ ለቀቀው፤ ድካሙ አልለቀቀውም። ደረጃ ሲወጣ መሀል ላይ ይቆም ጀመር። ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ ልቡን በመሣሪያ አየችና በቀስታ አስረዳቻቸው። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት ከያዘው ደም ከግማሽ በላይ ይገፋል። የእሱ ሲሶውን በጭንቅ ነው። «የደከመው የልብህ ጡንቻ ነው» አለችው። ግንቡ ክንዱን አየ፤ ከዚያ መስኮቱን ማየት ጀመረ። እናታቸው ዓይኗን ትጠርግ ነበር። እስከ መጨረሻው ያዳመጠችው ሚጢጢ ብቻ ነች።

አሁን ግንቡ ከሚዛኑ ወረደ። ካልሲውን አስተካከለ። የካልሲው ጠርዝ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ገብቶ፣ በገመድ የታሰረ ያህል ምልክት ሠርቷል። ሚጢጢ አየችው። ነገር ግን የተናደደችው ስለ ትራሱ ነበርና አላሰበችበትም።

«ጡንቻዬ እየተመለሰ ነው» አላት እያፏጨ። «አንቺ ደግሞ በትራስ ትነጅሺኛለሽ።»

ትምህርት ቤት ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህሩ ሰሌዳውን ሞሉት። ሚጢጢ ለመጻፍ ቀና ስትል አንገቷ ጨምድዶ ያዛት። «ውይ!» አለችና በእጇ ያዘችው። እጇ አንገቷ ላይ እንዳለ፣ የሐኪሟ ድምፅ መጣባት።

«ክብደቱ በጥቂት ቀን ውስጥ ከዘለለ፣ እግሩ ካበጠ፣ ሲተኛ አየር አጥሮት ትራስ መደራረብ ከጀመረ፣ አትጠብቁ። ውሃ እየተጠራቀመበት ነው። የዚያኑ ዕለት አምጡት።»

እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። ሳታነሳው ቀረች።

የምሳ ደወል ሲደወል ጓደኞቿ ጠሯት። አልሰማቻቸውም። እየሮጠች ወጣች። ስትሮጥ በወንድሟ ተናደደች፤ በእናቷ «ተይለት» ተናደደች። ከሁሉም በላይ በራሷ አፍ ተናደደች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለት ወር ይሆናል፣ ወንድሟ ተደብቆ ወደ ጂም መመለሱን ደረሰችበት። ቤት ውስጥ ሥራ በዝቶብኝ አመሸሁ ይላል። ከድሮው የማያንስ ብረት ሲያነሳ አየችው። ተከትሏት ወጣ። «ማዪልኝ» አላት። «ለእማ አልናገርም በዪ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ እንዲያ ሆኖ አይታው አታውቅም። ደነገጠችና «እማዬ ትሙት፣ አልናገርም» አለች። ቤት ገብታ ነው ያሰበችው። ለእናቷ ላለመናገር በእናቷ ሞት ማለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ እናቷ ባሳለች ቁጥር ትደነግጣለች።

ጂሙ ወንድሟ ከሚሠራበት ጎማ ቤት ጀርባ ያለ የቆርቆሮ ክፍል ነው። መስታወቱ መሀሉ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተይዟል። ከብረቶቹ ግማሹ የተገዛ፣ ግማሹ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ ነው። በምሳ ሰዓት ጎማ ቤቱ ሲቀዘቅዝ ወንዶቹ እዚያ ይሰበሰባሉ።

ሚጢጢ ስትገባ ወንድሟ ከወገቡ በላይ ራቁቱን መስታወቱ ፊት ቆሞ ደረቱን ያሳያል።

«በሦስት ቀን ሁለት ኪሎ ተኩል!»

«ግንቡ ተመለሰ!» ወንዶቹ አጨበጨቡ።

«ሚጢጢም መጥታለች» አለ አንዱ። «ብረት ልታነሺ ነው?»

«እስክሪብቶውም ከብዷት ይሆናል ጥላው የመጣችው» አለ ሌላው። ሳቁ።

አልሳቀችም። ቀጥ ብላ ወንድሟ ጋ ሄደች። «ካልሲህን ዝቅ አድርግ።»

«ምን?»

«ካልሲህን ዝቅ አድርግ አልኩህ!»

«ሚጢጢ፣ ሰው ፊት ሙድ አትያዢብኝ።»

ተንበረከከች። ካልሲውን ራሷ ጎትታ አወረደችና አውራ ጣቷን ቅልጥሙ ላይ አጥብቃ ተጫነች። ጣቷን ስታነሳ ቆዳው ሰርጉዶ ቀረ። ሊጥ የተጫነች ነበር የሚመስለው። ከዚያ የራሷን ቅልጥም ተጫነች። ወዲያው ሞላ።

«ጡንቻ እንዲህ ነው?» አለች።

ወንዶቹ አንገታቸውን አስግገው አዩ። ፕሮፌሰር ጉሮሮውን ጠረገ። ፕሮፌሰር አሠልጣኛቸው ነው። ዲግሪ የለውም፤ አላውቅም የሚለው ነገር ስለሌለ ነው ስሙ የወጣለት።

«ካልሲው ጠብቆት ነው» አለ። «ደም ሥሩን ይዞት።»

ሚጢጢ ወደ ወንድሟ ዞረች። «የምታሸናህን ክኒን ውጠሃል?»

ወንድሟ ፕሮፌሰርን አየ።

«እኔ ነኝ ተዋት ያልኩት» አለ ፕሮፌሰር። «ሰውነት ታደርቃለች። ልጁ እኮ ቁጭ ብድግ ሲል ሥራ መሥራት አቃተው።»

«በቀን ስንት ጊዜ መንገድ ተሻግሬ ሽንት ቤት ልሩጥ?» አለ ግንቡ። «ጎማውን ግማሽ ፈትቼ እሮጣለሁ። ደንበኛው ‹ስኳር አለብህ እንዴ?› ይለኛል። ሼም ነው!»

«መቼ ተውካት?»

«ከሰኞ ወዲህ ነው መሰለኝ። አንቺ ምን አገባሽ?»

ሚጢጢ ዞር አለች። ዓይኗ አግዳሚው ላይ አርፏል። በጀርባ ተኝተው ብረት የሚገፉበት አግዳሚ ነው። መደገፊያው ወደ ላይ ተቃንቷል። ጠዋት ያየችውን አልጋ መሰላት።

«ይህን ማን አቆመው?»

«እኔ። የላይ ደረት እየሠራሁ ነው።»

«አውርደው።»

«ላሽ በዪ፣ ወደ ትምህርትሽ!»

«አውርደውና ተኛበት። ብረት አልልህም። ባዶውን ተኛ። ተንጋልለህ መቆየት ከቻልክ አፌን እዘጋለሁ። ትራሱም ያንተ ነው።»

«ተኛላትና ትሂድልን በቃ» አለ ከጥግ አንዱ።

ግንቡ መደገፊያውን በንዴት አወረደው፤ ብረቱ ጮኸ። ተንጋለለ። እጁን ከራሱ ሥር አድርጎ፣ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው መስሎ ለወንዶቹ ጠቀሳቸው። ሳቁለት።

ጥቂት ቆየ። መጀመሪያ ፈገግታው ሄደ። ከዚያ እጁን ከራሱ ሥር አውጥቶ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨበጠ። ደረቱ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይል ጀመር። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ሚጢጢ «በቃ፣ ተነስ» ልትል ስትል ሳል ያዘው። ተፈናጥሮ ተነሳ፤ ጉልበቱን ይዞ ወደፊት አጎነበሰ፤ አፉን ከፍቶ አየሩን ጎተተ። ጎተተ። ሬዲዮ እየዘፈነ ነበር። አንድ ሰው ሄዶ አጠፋው።

«ደስ አለሽ?» አለ ግንቡ ትንፋሹ ሲመለስለት። ድምፁ ቀጥኗል።

«አላለኝም።»

«እዚህ ሁሉ ሰው ፊት! እኔ ምን ልሁን? ቤት እንደ እንቁላል ይይዙኛል። ጎማ ቤት ቁጭ ብለህ ለጥፍ ይሉኛል። ሰው የሚለኝ እዚህ ብቻ ነው። አንቺ መጥተሽ ፖሊስ ሆንሽብኝ!»

«አታንሳ ያለህ አለ?» ጮኸች። እንባዋ መጣ፤ በንዴት ዋጠችው። «ሐኪሟ ቀላሉን አንሳ ነው ያለችህ። ትንፋሽህን ሳትይዝ፣ እያወራህ አንሳ አለችህ። ማውራትማ ታውቅበት የለም?»

«እያወራሁ? ሬዲዮ ነኝ?»

«ሬዲዮም ይጠፋል!» አለችና ወዲያው ደነገጠች። እንዲህ ልትል አልፈለገችም።

ወንድሟም ሰማው። ፊቱን አዞረ። «ለእማ ብትነግሪያት እህት የለኝም» አለ። «ምለሻል። አትርሺ።»

ወጣች። ከጀርባዋ የፕሮፌሰርን ድምፅ ሰማች፤ «ልጆች፣ ልብሳችሁን ልበሱ» ይላል። አልዞረችም።

እናቷ የምትሠራበት ሆቴል ሩቅ አይደለም። የላውንደሪው በር በጓሮ በኩል ነው። ሚጢጢ በሩ ላይ ደርሳ ቆመች። ንዴቷ እስከዚህ አድርሷታል። እዚህ ግን መሐላዋ ትዝ አላት። እህት የለኝም ያለው የእውነቱን ሊሆን ይችላል። ቂም ሲይዝ ታውቀዋለች።

ገባች። እናቷ ሰፊ አንሶላ በአገጯ ይዛ ብቻዋን ልታጥፍ ትታገላለች። አብራት የምታጥፍ ጓደኛዋ ምሳ ወጥታለች። እዚያ አንድ ሕግ አለ፤ የታጠበ አንሶላ መሬት አይነካም።

«ምነው በዚህ ሰዓት? አባረሩሽ?»

«አላባረሩኝም።»

ሌላውን ጫፍ ያዘች። አንሶላውን ወጥረው አጠፉት። ተጠጉ፣ ጫፍ ከጫፍ ገጠሙ፣ ራቁ። ከሕፃንነቷ ጀምራ ታውቀዋለች። እንደገና ሲጠጉ የእናቷ ፊት ቅርቧ መጣ። ላብ አለበት፤ ድካም አለበት። ደህና ነው።

«እማ» አለች ሚጢጢ። «ትራሴን የወሰደው ሊተኛበት አይደለም። መተኛት ስላልቻለ ነው።»

የእናቷ እጅ ቆመ። ሚጢጢ ሁሉንም ነገረቻት። እግሩን፣ ክኒኑን፣ አግዳሚውን፣ ጂሙን።

«ጂም?»

«ሁለት ወር ሆኖታል። አውቅ ነበር። አልናገርም ብዬ ምዬለት ነው።»

«በማን?»

ሚጢጢ ወደ አንሶላው አቀረቀረች።

«በእኔ?»

ሚጢጢ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

አንሶላው ከእናቷ እጅ አምልጦ ጫፉ መሬት ላይ ወድቋል። እናቷ አየችው። ሰብስባ የቆሸሸው ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው።

«በእኔ ከሆነ ግድ የለም» አለች። «ይህን ሁሉ አንሶላ ትቼ የት እሄዳለሁ?» ቀልድ ነበር። ሽርጧን ፈታች። «እኔስ? ‹እሰይ› ያልኩት እኔ ነኝ። ስልኬን ስጪኝ። የሐኪሟን ቁጥር ታውቂዋለሽ?»

ሚጢጢ በቃሏ ታውቀዋለች።

ጎማ ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ግንቡ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ላይ ተቀምጧል። ሸሚዙን ለብሷል። የጫማው ክር አልታሰረም፤ እግሩ አልገባለትም። የጂሙ በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። ፕሮፌሰር አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬቱን ያያል።

«እናቴ፣ እኔ እኮ...» አለ ፕሮፌሰር።

«አንተን በኋላ» አለችው እናታቸው፣ ሳታየው። የታክሲውን በር ከፈተች። «ተነስ፣ ልጄ። ሆስፒታል እየጠበቁን ነው።»

ግንቡ ሚጢጢን አየ። «አሳባቂ።»

«አዎ።»

«መሐላሽን አፈረስሽ።»

«አዎ።»

ተነሳና የስፖርት ቦርሳውን ያዘ። ሚጢጢም አንዱን ማንጠልጠያ ያዘች። ቦርሳውን ለማንም ሰጥቶ አያውቅም። ሳበው፤ ሳበች። እንዲያ ቆሙ። እሱ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ እሷ ጥርሷን ነክሳለች። በመጨረሻ ጣቶቹ ላሉ።

ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አደረገችው።

«ትራስሽን ሂጂና ውሰጂ» አላት ታክሲው ውስጥ እየገባ፣ ፊቱን አዙሮ።

«አልወስድም።» ንዴቷ ገና አልበረደላትም። ከጎኑ ተቀመጠችና በሩን ዘጋች። «ራስህ ትመልስልኛለህ። አጥበህ።»